ሰባት ቤት የማይቆጠርለት መንጋ

በካናዳ የሚኖሩ ወገኖቻችን ዘወትር በኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ። ለአውቶቡስ ይከፍሉታል፣ ለልብስ ማጠቢያ መኪና ይጨምሩታል፣ ለልጆቻቸውም ይሰጡታል። የካናዳ የ25 ሳንቲም ገንዘብ ነው። በአንደኛው ገጹ ላይ ትልልቅ ቀንድ ያለው እንስሳ አንገቱን ቀና አድርጎ ይታያል። ለመታሰቢያ በሚወጡ አንዳንድ ዕትሞች ካልሆነ በቀር፣ ከ1937 ጀምሮ ይህ ምስል ከሳንቲሙ ላይ አልተለየም። የእንስሳው ስም ካሪቡ ይባላል። ሳንቲሙ እንደ ልብ ይገኛል፤ እንስሳው ግን ከብዙ ቦታ እየጠፋ ነው። አንዳንዱ መንጋ ዛሬ በእጅ ጣት ተቆጥሮ ያልቃል።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ዱር እንስሳት መመናመን ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። በዚህ ጽሑፍ የምናየው ግን ከቁጥሩ ማነስ በኋላ በእንስሳው ደም ውስጥ የሚሆነውን ነው። መንጋ ሲያንስ ዘመድ ከዘመድ ይጋባል፤ ያ ደግሞ የራሱን መዘዝ ያመጣል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ካሪቡ ማን ነው?

ካሪቡ የአጋዘን ወገን ነው። በሰሜን አውሮፓና በሳይቤሪያ ሰው የሚያረባው ሬንዲር የተባለው እንስሳና የሰሜን አሜሪካው ካሪቡ በሳይንስ አንድ ዝርያ ናቸው። ከአጋዘን ወገን መካከል እንስቷም ጭምር ቀንድ የምታወጣው በዚህ ዝርያ ብቻ ነው። ሰኮናው ሰፊ ስለሆነ በበረዶ ላይ ብዙ ሳይሰጥም ይራመዳል፤ በዚያው ሰኮና በረዶውን ጭሮ ከሥሩ ምግቡን ያወጣል። ዋነኛ የበረዶ ወራት ምግቡ ላይከን ይባላል። ላይከን በድንጋይ፣ በመሬትና በዛፍ ቅርፊት ላይ እንደ ሽበት ተጣብቆ ወይም ተንጠልጥሎ የሚበቅል፣ ለማደግም ብዙ ዓመታት የሚፈጅበት ነገር ነው። ስለዚህ በደንና በተራራ የሚኖረው ካሪቡ ሳይነካ የቆየ አሮጌ ደን ያስፈልገዋል።

እንስቷ ሰባት ወር ተኩል ያህል አርግዛ በግንቦት ወይም በሰኔ ትወልዳለች። የምትወልደውም አንድ ግልገል ነው፤ መንታ ከስንት አንዴ የሚታይ ነገር ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እንዲህ በዓመት አንድ ብቻ የሚወልድ እንስሳ ከደረሰበት ጉዳት ቶሎ አያገግምም።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በሰሜን ካናዳ ሰፊ ሜዳዎች የሚጓዘው የባተርስት መንጋ በ1986 ወደ 470,000 ይገመት ነበር። በ2018 በተደረገው ቆጠራ 8,200 ያህል ብቻ ቀርቶ ተገኘ። በምሥራቅ በኩል በኬቤክና በላብራዶር የሚኖረው የጆርጅ ሪቨር መንጋ በ1993 ወደ 800,000 ይደርስ ነበር፤ በ2018 ግን ወደ 5,500 ወረደ። የእነዚህ የሰሜን መንጎች ቁጥር በተፈጥሮው በየአሥርተ ዓመታቱ ከፍና ዝቅ ይላል። ከመቶ አንድ እጅ እስኪቀር ድረስ ማሽቆልቆሉ ግን ሰሜነኞቹን ሕዝቦች እጅግ አስደንግጧል። ላብራዶር በ2013 አደኑን ፈጽሞ ከልክላለች።

ወደ ደቡብ፣ ወደ ተራራዎቹ ስንመጣ የምናገኘው ቁጥር ሺህም መቶም አይደለም። ሳውዝ ሴልከርክ የተባለው መንጋ፣ ከአላስካው ወሰን በቀር፣ በካናዳና በአሜሪካ ድንበር ላይ እየተመላለሰ የሚኖር የመጨረሻው መንጋ ነበር። በ2009 46 ካሪቡዎች ነበሩት። በ2018 ሲቆጠር ሦስት እንስቶች ብቻ ተገኙ፤ ወንድ አልነበረም። በጥር 2019 የቀረችውን አንዲት እንስት ባለሙያዎች ይዘው በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሬቭልስቶክ አካባቢ ወዳለ አጥር ወሰዷት፤ በኋላም ከሌላ መንጋ ጋር እንድትቀላቀል ለቀቋት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ፣ ከአላስካ በቀር፣ በአሜሪካ ምድር የሚኖር የዱር ካሪቡ መንጋ የለም።

በአልበርታ ስመ ጥር በሆነው በባንፍ ብሔራዊ ፓርክ የቀሩትን የመጨረሻዎቹን ጥቂት ካሪቡዎች በ2009 የበረዶ ናዳ ገደላቸው። መንጋው ግን ናዳው ከመምጣቱ ብዙ ዓመታት በፊት ተመናምኖ ነበር፤ ብዙ ቢሆን ኖሮ አንድ ናዳ ባልጨረሰው ነበር። በጎረቤቱ በጃስፐር ፓርክ ደግሞ ማሊን የተባለው መንጋ መጥፋቱ በ2020 ተገለጸ። ብራዞ የተባለው ከአሥር በታች ቀረ። ቶንኩዊን የተባለው 50 ያህል ሲቀሩት፣ ከእነዚህ ውስጥ መውለድ የሚችሉት እንስቶች አሥር ገደማ ነበሩ።

ደም ሲቃረብ

በአገራችን ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲያስቡ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። የእርሱ አያት ማን ናቸው፣ የእርሷስ ቅድመ አያት ከየት መጡ እያሉ ይጠይቃሉ። ዘመድ ሆነው ከተገኙ ጋብቻው ይቀራል። አባቶቻችን ስለ ዘረ መል በመጽሐፍ ባያነቡም፣ ሥርዓቱ የሚጠብቀው ነገር በእርግጥ ያለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዳችን፣ ካሪቡም ጭምር፣ የዘረ መል መመሪያችንን በሁለት ቅጂ እንይዛለን፤ አንዱን ከአባት፣ ሌላውን ከእናት። በእጅ እንደሚገለበጥ መጽሐፍ ሁሉ በየቅጂው ጥቂት ስሕተት አይጠፋም። በአንዱ ቅጂ የተበላሸው ቃል በሌላው ቅጂ በትክክል ከተጻፈ ሰውነት ደኅናውን እያነበበ ይኖራል፤ ጉዳቱ አይታወቅም። እናትና አባት የቅርብ ዘመድ ሲሆኑ ግን ሁለቱም የገለበጡት ከአንድ መጽሐፍ ነው። ስሕተቱ በሁለቱም ቅጂ በዚያው መስመር ላይ ይገኛል። ያን ጊዜ ተደብቆ የኖረው ጉድለት ይወጣል፤ በእንስሳት ላይም መካንነት፣ ደካማ ግልገል፣ በሽታን መቋቋም አለመቻል ሆኖ ይታያል።

አሥር እንስቶች የቀሩት መንጋ ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባት አይችልም። ከሁለትና ከሦስት ትውልድ በኋላ በመንጋው ውስጥ ያለው ሁሉ የአጎት ልጅ፣ የአክስት ልጅ ይሆናል። ይባስ ብሎ በካሪቡ ዘንድ በጥቅምት ወር የመራቢያ ጊዜው ሲደርስ ጠንካራው ወንድ ሌሎቹን አባሮ ብዙ እንስቶችን ለብቻው ይይዛል። በመሆኑም መቶ ካሪቡ አሉ ማለት መቶ ወላጆች አሉ ማለት አይደለም፤ ዘራቸውን ለቀጣዩ ትውልድ የሚያወርሱት ከዚያ እጅግ ያነሱ ናቸው። ፍራንክሊን የተባለ የዘረ መል ተመራማሪ በ1980 ባቀረበው መለኪያ መሠረት፣ አንድ መንጋ በቅርቡ ከዘመድ መራባት ጉዳት እንዲጠበቅ ቢያንስ 50፣ ለረጅም ዘመን የመለወጥ አቅሙን ይዞ እንዲቆይ ደግሞ 500 እንዲህ ያሉ ዘር አውራሽ ወላጆች ያስፈልጉታል። ከጊዜ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህም አይበቃም፣ እጥፍ ይሁን ብለዋል።

ከበጠጥ የሚነበብ መዝገብ

ታዲያ በዱር ያለ እንስሳ ከማን እንደተወለደ በምን ይታወቃል? እያሳደዱ ደም መቅዳት እንስሳውን ያስጨንቀዋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች በበረዶ ወራት በሄሊኮፕተር እየዞሩ የካሪቡ ዱካ ካዩበት ቦታ ወርደው በጠጡን ይለቅማሉ። በጠጡ ከአንጀት ሲወጣ በላዩ ላይ ከአንጀት ግድግዳ የተላጡ ሕዋሳት ይለጠፉበታል፤ ብርዱም ሳይበላሹ ያቆያቸዋል። ከእነዚህ ሕዋሳት ዲኤንኤ አውጥተው ወንድ ይሁን ሴት፣ ከዚህ በፊት የተመዘገበ ይሁን አዲስ፣ ከየትኛውስ መንጋ እንደመጣና ዘመዶቹ እነማን እንደሆኑ ይለያሉ። በዚህ ዘዴ እንስሳውን ሳይነኩ መንጋውን መቁጠር ይቻላል። በኦንታሪዮ የሚገኘው የትሬንት ዩኒቨርሲቲና የካናዳ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን የካሪቡ የዘረ መል መዝገብ ለብዙ ዓመታት ሲያጠናቅሩ ቆይተዋል።

ሙሉውን የዘረ መል መጽሐፍ ማንበብ ከተቻለ ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር ተገልጧል። ከአባትና ከእናት የመጡት ሁለት ቅጂዎች ልክ አንድ ዓይነት የሆኑባቸው ረጃጅም ክፍሎች ከተገኙ፣ ወላጆቹ በቅርብ ትውልድ ዘመድ እንደነበሩ ያሳያሉ። በሱፒሪየር ሐይቅ ዳርቻና ደሴቶች በሚኖሩት ካሪቡዎች ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ተገኝቷል።

የሚሺፒኮተን ደሴት ታሪክ

የዚሁ የሱፒሪየር ሐይቅ ካሪቡዎች ታሪክ ሊነገር የሚገባው ነው። በሐይቁ ውስጥ ሚሺፒኮተን የተባለ ደሴት አለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዚያ አንድ ወንድ ካሪቡ ብቻውን ታየ። ከ1982 ጀምሮ ስምንት ካሪቡዎች ስሌት ከተባሉት ደሴቶች ተወስደው ተጨመሩለት። በደሴቱ ተኩላ ስላልነበረ እነዚያ ጥቂቶች ተዋልደው ብዙ መቶ ሆኑ። በ2014 የበረዶ ወራት ግን ሐይቁ ረግቶ ጠነከረና ተኩላዎች በበረዶው ላይ ተሻግረው ገቡ። በአራት ዓመት ውስጥ መንጋው ሊያልቅ ተቃረበ። የሚሺፒኮተን ነባር ሕዝብ አጥብቆ ከጠየቀ በኋላ፣ በ2018 መጀመሪያ የኦንታሪዮ መንግሥት 15 ካሪቡዎችን በሄሊኮፕተር አወጣ፤ ዘጠኙን ወደ ስሌት ደሴቶች፣ ስድስቱን ካሪቡ ወደሚባለው ደሴት አሻገረ።

ከዘጠኝ የጀመረ መንጋ እንደገና ወደ 15 ወረደ ማለት ነው። ቁጥሩ ተመልሶ ሊበዛ ይችላል፤ አንድ ጊዜ ስለበዛ ሁለተኛም ሊበዛ ይችላል። በየጠባቡ በር ሲያልፍ የሚጥለው የዘረ መል ብዝኀነት ግን ከቁጥሩ ጋር አብሮ አይመለስም። አዲስ ልዩነት በተፈጥሮ እስኪፈጠር እልፍ ትውልድ ይወስዳል።

ይህ ብዝኀነት ለምን እንደሚጠቅም ከኖርዌይ የመጣ ምሳሌ ያሳያል። በ2016 በዚያ አገር ኖርድፊየላ በተባለ ተራራማ አካባቢ በዱር ሬንዲሮች ላይ አእምሮን የሚያበላሽ፣ ቀስ በቀስ አመንምኖ የሚገድል በሽታ ተገኘ። መድኃኒት የለውም። በሽታው እንዳይዛመት መንግሥት በዚያ አካባቢ የነበረውን ከ2,000 በላይ ሬንዲር በሙሉ አስገደለ። ይሁንና ሁሉም እንስሳ ለዚህ በሽታ እኩል የተጋለጠ አይደለም፤ አንዱ ዘረ መል ባለው ቅርጽ መሠረት አንዳንዶቹ ይበልጥ፣ አንዳንዶቹ በጣም ባነሰ ሁኔታ ይያዛሉ። የሚቋቋመውን ቅርጽ የያዙ ጥቂቶች በመንጋው ውስጥ ካሉ መንጋው ተስፋ አለው። መንጋው አስቀድሞ ተመናምኖ እነዚያ ጥቂቶች ከጠፉ ግን ተስፋውም አብሮ ይጠፋል። ይኸው በሽታ በምዕራብ ካናዳ በሌሎች አጋዘኖች ላይ ስለሚገኝ፣ የካሪቡ ጠባቂዎች ነገሩን በሥጋት ይከታተሉታል።

ጥፋቱ የተኩላው ነውን?

ካሪቡን የሚበላው ተኩላ ነው። ተኩላና ካሪቡ ግን ለብዙ ሺህ ዓመታት አብረው ኖረዋል። ዛሬ ምን ተለወጠ? አሮጌው ደን ሲቆረጥ በቦታው ለጋ ቁጥቋጦ ይበቅላል። ለጋው ቅጠል ሙስ የተባለውን ትልቅ አጋዘንና ሌሎች አጋዘኖችን ይስባል። እነርሱ ሲበዙ ተኩላው ይበዛል። ለነዳጅና ለጋዝ ፍለጋ በደኑ ውስጥ ቀጥ ብለው የተቀደዱት መንገዶች ደግሞ ለተኩላው የጥርጊያ ጎዳና ሆኑለት፤ ካሪቡ ወደተሸሸገበት ቦታ በፍጥነት ያደርሱታል። እነዚያው መንገዶች መንጋን ከመንጋ ስለሚለያዩ፣ ቀድሞ ከጎረቤት እየመጣ አዲስ ደም ይሰጥ የነበረው ወንድ መምጣቱ ይቀራል።

የካናዳ መንግሥት በ2012 ባወጣው የደን ካሪቡ ማገገሚያ ዕቅድ፣ የአንድ መንጋ መኖሪያ ቢያንስ 65 ከመቶው ሳይነካ መቆየት እንዳለበት ወስኗል። ይህ ሲሟላ እንኳ መንጋው ራሱን ችሎ የመኖር ዕድሉ የሚገመተው 60 ከመቶ ነው። ብዙዎቹ መንጎች ያን ያህል ያልተነካ መሬት የላቸውም። ስለዚህ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ መንግሥት ከ2015 ጀምሮ በአንዳንድ አካባቢዎች ተኩላዎችን ከሄሊኮፕተር ያስተኩሳል። ይህ ብዙ ሰዎችን ያሳዝናል፤ ክርክሩም ገና አልበረደም። ተኩላው መቀነሱ ካሪቡን ለጊዜው እንደሚያተርፍ ማስረጃ አለ። ደኑ መቆረጡ ካልቆመ ግን መተኮሱም ማብቂያ አይኖረውም፤ ዋጋውንም ያልበደለው ተኩላ ይከፍላል።

እርጉዞችን የጠበቁ መንደሮች

ከዚህ ሁሉ መካከል ልብን የሚያጽናና ዜና ከሰሜን ምሥራቅ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ መጥቷል። ዌስት ሞበርሊና ሶልቶ የተባሉ ሁለት ነባር ሕዝቦች የኖሩት ካሪቡን እየተመገቡ ነበር። በ1960ዎቹ በአገራቸው ታላቅ ግድብ ተሠራና ውኃው የካሪቡን መተላለፊያ ሸለቆ ዋጠው። እነርሱም መንጋው እያነሰ ማየታቸው ስለከበዳቸው በ1970ዎቹ ማደናቸውን በራሳቸው ፈቃድ አቆሙ። ልጆቻቸው የአባቶቻቸውን ምግብ ሳይቀምሱ አደጉ። በ2013 ክሊንሰ-ዛ በተባለው መንጋ ውስጥ የቀሩት 38 ነበሩ።

በ2014 ሁለቱ ሕዝቦች ከሳይንስ ባለሙያዎች ጋር ሆነው በተራራው ላይ አጥር ሠሩ። በመጋቢት ወር እርጉዝ እንስቶችን ከሄሊኮፕተር በመረብ እየያዙ ወደ አጥሩ ያስገባሉ። ከየመንደሩ የተመረጡ ጠባቂዎች ሌሊትና ቀን አብረው ይሰነብታሉ። የመንደሩ ሰዎች፣ አሮጊትና ሕፃን ሳይለይ፣ ላይከን በእጃቸው እየለቀሙ በጆንያ ያመጡላቸዋል። ግልገሎቹ ተወልደው እግራቸው እስኪጠና፣ ከተኩላ መሮጥ እስኪችሉ ድረስ ይጠበቃሉ፤ በበጋው አጋማሽ እናትና ልጅ አብረው ይለቀቃሉ። ተኩላውንም የመቀነስ ሥራ ጎን ለጎን ተሠርቷል። በ2021 መንጋው ከ100 አለፈ። በ2020 ሁለቱ ሕዝቦች ከፌደራልና ከክፍለ ሀገሩ መንግሥት ጋር መሬቱን ለመጠበቅ ስምምነት ፈረሙ፤ በ2024ም በዚያ ያለው ፓርክ ወደ 200,000 ሄክታር እንዲሰፋ ተደረገ። ከአጥሩ የሚወጣው ካሪቡ የሚኖርበት ደን እንዲያገኝ ነው ይህ ሁሉ።

ማን ከማን ጋር?

መንጋ በጣም ካነሰ ከሌላ ቦታ አምጥቶ መቀላቀል አይበቃምን? ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሰሜን አሜሪካ ካሪቡዎች በጥንቱ የበረዶ ዘመን በግግር በረዶው ሰሜንና ደቡብ ተከፍለው የኖሩ የሁለት ጥንታዊ ዘሮች ልጆች ናቸው። በ2022 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ረጅም መንገድ የመጓዝ ወይም በአንድ አካባቢ የመቆየት ጠባያቸው በከፊል ከዘረ መላቸው ይመጣል፤ ከሰሜኑ ዘር የበዛ ድርሻ ያላቸው ይበልጥ ይጓዛሉ። ስለዚህ የተራራ መንጋን በሜዳ ተጓዥ ካሪቡ መሙላት፣ ደጋ የለመደን በሬ ቆላ አውርዶ ማረስ ዓይነት ነው። የሚሻለው፣ ሲቻል በአኗኗርና በትውልድ ከሚቀርበው፣ ግን የቅርብ ዘመድ ካልሆነ መንጋ ማምጣት ነው።

በጃስፐር ይኸው እየተሞከረ ነው። የካናዳ ፓርኮች መሥሪያ ቤት በፓርኩ ውስጥ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የማራቢያ ማዕከል አሠርቶ፣ በ2025 የመጀመሪያዎቹን ካሪቡዎች አስገብቷል። ዕቅዱ እስከ 40 እንስቶችና አምስት ያህል ወንዶች ይዞ፣ በዚያ የሚወለዱትን ወጣቶች እየለቀቀ የቶንኩዊንን መንጋ ወደ 200 ማድረስ ነው። በማዕከሉ የዘር መዝገብ ይያዛል፤ የትኛው ወንድ ከየትኞቹ እንስቶች ጋር እንደሚሆን ተጠንቶ ይወሰናል። መንጋው ራሱ ሊያደርገው ያልቻለውን ሰባት ቤት የመቁጠር ሥራ እንግዲህ ባለሙያዎቹ ይቆጥሩለታል ማለት ነው። አንዳንዶች ግን ወጪውን ያነሣሉ፤ ዱር ላይ የተወለዱትን ማጎሩም ያሳስባቸዋል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ሳውዝ ሴልከርክ ሦስት እንስቶች እስኪቀሩት የተጠበቀው መጠበቅ ምን እንዳስከተለ ያዩ ሰዎች ደግሞ መዘግየትን ይፈራሉ።

በካልጋሪና በኤድመንተን የምትኖሩ ቤተሰቦች ወደ ጃስፐር ለመዝናናት ስትሄዱ፣ ካሪቡ ባለባቸው ሸለቆዎች አንዳንድ መንገዶች በበረዶ ወራት ተዘግተው ታገኙ ይሆናል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ሰው በበረዶ መንሸራተቻ ሲያልፍ በረዶው ይጠቀጠቃል፤ በተጠቀጠቀው ላይ ደግሞ ተኩላ ያለ ድካም እስከ ካሪቡ መሸሸጊያ ይደርሳል። ልጆቻችሁ ለምን ተከለከልን ብለው ቢጠይቁ ይህን ንገሯቸው። ባለቤትና ባለቤት ሆናችሁ በምትመርጡበትና ሐሳብ በምትሰጡበት ጊዜም፣ ስለ አሮጌ ደን መቆረጥ የሚነሣው ጥያቄ የካሪቡም ጥያቄ መሆኑን አስታውሱ። በጃስፐር አጥር ውስጥ የሚወለዱት ወጣቶች አንድ ቀን ወደ ቶንኩዊን ሸለቆ ይለቀቃሉ፤ ያን ጊዜ ላይከን የሚለቅሙበት ደንና ከጎረቤት መንጋ የሚገናኙበት መንገድ ይጠብቃቸው ይሆን ወይስ አይጠብቃቸው፣ ዛሬ በሚደረገው ውሳኔ ይታወቃል።